የሀቢባ አዝመራ

ዓሊዪ ሚስቱን ይዞ ሥራ የገባው መላ ቢያጣ ነው። እሱ ሥራ ሲውል ሀቢባን የምትጠብቅለት ጎረቤት፣ ልጇ ጅግጅጋ ስለወለደች ልታርሳት ሄዳለች። ቆልፎባት እንዳይሄድ አንጀቱ አልቻለም፤ ክፍቱን ትቶላት ቢሄድ ደግሞ ወጥታ የት እንደምትገባ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ፊቷን አጠባት፣ አለበሳት፣ ሻሿን እንደነገሩ አሰረላትና ከፈላና በር ባጃጅ ተሳፍረው ከሐረር ግንብ ውጭ ወዳለው ወደ ከተማው የዕፅዋት ማዕከል ወረዱ።

ሀቢባ ባጃጁ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ሰረቅ እያደረገች ታየው ነበር። ደግ ሰው እንደሆነ ገብቷታል፤ ማን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

«ወንድም» አለችው ጠጋ ብላ፣ «ኤረር በር ስንደርስ አውርደኝ። ጥላው ሳይሄድብኝ ዕቃዬን ልዘርጋ።»

«ዛሬ ገበያ የለም» አላት።

«የለም? ምነው?»

«ዛሬ ዕረፍትሽ ነው። አትክልት ቦታ ነው የምንሄደው።»

«ኧረ አቦ!» አለች፤ ደስ ብሏት ይሁን ተገርማ አልለየለትም።

ኤረር በር የሀቢባ ግማሽ ዕድሜዋ ነው። በልጅነቷ ከእናቷ ጎን፣ በኋላም እናቷ ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ እሷው ተቀምጣ ፍራፍሬ ስትሸጥ ኖራለች። እንደ ወቅቱ ብርቱካኑም፣ ማንጎውም፣ ዘይቱኑም ከፊቷ አይጠፋም፤ ስሟ የወጣው ግን በጊሽጣ ነው። ጊሽጣ አስቸጋሪ ፍሬ ነው። ዛሬ ድንጋይ የሆነው ነገ ይበላል፣ ከነገ ወዲያ ይፈስሳል። ሀቢባ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ «ይኼን ለማታ ብላው፣ ይኼን ለጁምዓ አቆየው» ስትል የሐረር ሰው ያለ ጥያቄ ይዞ ይሄድ ነበር።

ዓሊዪ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር በአህያ ጊሽጣ ጭኖ የሚመጣ ጎረምሳ ነው። አማርኛውም እንደ ጊሽጣው ገና አልበሰለም። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሀቢባ ከጭነቱ አንዱን አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችና መለሰችለት።

«ይኼ ገና ዛፉ ላይ መዋል የነበረበት ነው። ምን አስቸኮለህ?»

በሚቀጥለው ሳምንት ዛፉ ላይ የቆየ፣ ማር የመሰለ ጊሽጣ መርጦ ይዞላት መጣ። ነገር ግን መንገዱ ረጅም፣ አህያዋም ግልፍተኛ ነበረችና ኤረር በር ሲደርስ ግማሹ ተፈረካክሶ ከረጢቱ ያንጠባጥባል። ሀቢባ ከረጢቱን ከፍታ አየችና ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ዓይኖቿ ሙሉ በሙሉ ይከደኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓሊዪ ጊሽጣ በሌለበት ወራት ሳይቀር ኤረር በር መመላለስ አበዛ። ሽማግሌ ሲልክ ማንም አልተደነቀም።

ኑሯቸውን የጀመሩት ፈላና በር አጠገብ፣ አንዲት ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። አላህ ከሰጣቸው ልጆች የቆየችላቸው አንዲት ሀናን ብቻ ናት፤ አድጋ ተምራ ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዓሊዪ ግብርናውን ለወንድሞቹ ትቶ ማዘጋጃ ቤት በዛፍ ተካይነት ተቀጠረ። ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ መንገድ ዳር ከቆሙት ዛፎች ብዙዎቹን የተከለው እሱ ነው። ኋላ ከተማው የዕፅዋት ማዕከል ለማቋቋም ሲያስብ ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ አንድ ገደላማ ሜዳ ተከለለ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አንዱም ዓሊዪ ሆነ። ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ አፈር እያመጡ፣ ዳገቱን በእርከን እየከፈሉ ሠሩት። ከታች በኩል ከኤረር ሸለቆ የመጣ እሬትና ቁልቋል፣ ከፍ ብሎ የፍራፍሬው ክፍል፣ ከዚያ ከየገጠሩ የተሰበሰበ ቡና፣ ከላይ ከወይራው ሥር ደግሞ ሽታ ያላቸውና ለመድኃኒት የሚሆኑ፣ ረይሃኑ፣ ጤና አዳሙ፣ አርቲው፣ ሂናው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ «ጋሽ ዓሊዪ ካልነካው አይጸድቅም» ተብሎ በኮንትራት እንዲቆይ ተደረገ። ይኼ እንግዲህ አባባል ነው፤ እሱ የነካው ያልጸደቀም ብዙ ነበር።

የሀቢባ ነገር የጀመረው በጥቃቅኑ ነው። ቁልፍ መርሳት፣ አንድን ወሬ ሁለቴ ማውራት። በዚህ ዕድሜ ማን አይረሳም ብለው ሳቁበት። አንድ ጠዋት ግን ዓሊዪ ከሱብሒ ሰላት ሲመለስ አልጋው ባዶ ነው። ሰፈሩን አዳረሰ። በመጨረሻ ያገኛት ኤረር በር፣ ከተወችው ዓመታት ባለፉት በዚያ ድንጋይ ላይ፣ ባዶ ቅርጫት ከፊቷ አስቀምጣ ነው። ባዶ ነው ቢባልም ባዶ አልነበረም። አጠገቧ የሚሸጡት ሴቶች ነገሩ ስለገባቸው አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ዘይቱን እየጣሉላት ቅርጫቱን ግማሽ አድርሰውት ነበር። ሀቢባም ገዢ ስትጠብቅ በኩራት ቀና ብላለች። ዓሊዪ ሴቶቹን ምን ብሎ እንደሚያመሰግን ቸግሮት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብቻ ቆመ።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። መድኃኒቱ አያድናትም፣ ያዘገየዋል እንጂ አለ። ሀናን ወዲያው መጥታ እናቷን ድሬዳዋ ወሰደቻት። አንድ ወር አልቆየችም። የሀናን ቤት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ ሀቢባ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ግቢ የሚያወጣውን በር ስትፈልግ ትውል ነበር። ሙቀቱም አቃጠላት። ዓሊዪ ሄዶ መልሶ አመጣት። ከዚያ ወዲህ ሀናን በደወለች ቁጥር ንግግሩ ያው ነው፤ «አባ፣ ብቻህን አትችላትም»፣ «እችላለሁ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ።»

እሱን ራሱን የረሳችው ቀስ በቀስ ነው። ቀድሞ «ዓሊዪኮ» ትለው ነበር፤ በእሱ ኦሮምኛ የኔ ዓሊዪ ማለት ነው፣ ካገባችው በኋላ የተማረችው። «ዓሊዪኮ» ቀርቶ «ዓሊዪ» ሆነ፤ «ዓሊዪ»ም ቀርቶ «አንተ ሰው»፤ አሁን «ወንድም» ላይ ደርሷል። «ወንድምም አይከፋም» ብሎ ነበር አንድ ቀን ለሀናን በስልክ።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ ዓሊዪ ሀቢባን እየደገፈ የማዕከሉን በር ሲያልፍ መጀመሪያ ያየቻቸው የዕፅዋት ስብስቡ ኃላፊ ራሔል ናት። ራሔል ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ሥራዋን አጥብቃ የምትይዝ ሴት ናት። የማዕከሉን ታፔላዎች ያሠራችው እሷ ነች። በእያንዳንዱ ተክል ሥር አጭር ብረት ላይ የተበየደች ትንሽ ቆርቆሮ ቆማለች፤ በላይዋ የተክሉ ስም በአማርኛ፣ በሐረሪኛና በኦሮምኛ፣ ከግርጌ የሳይንስ ስሙ ተጽፏል። ለዚያ ሥራ ገጠር ለገጠር ስትዞር፣ አዛውንት ስትጠይቅ፣ ከቆርቆሮ ሠሪው ጋር ስትከራከር ዓመት አልፏታል።

«ጋሽ ዓሊዪ፣ እንግዳ ይዘው ነው?»

«ባለቤቴ ናት። የሚጠብቃት ሰው አጣሁ ልጄ። ለዚህ ሳምንት ብቻ።»

ራሔል ፊቷ ተጨነቀ። ሠራተኛ ቤተሰብ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አለ። ልትናገረው አፏን ስትከፍት ሀቢባ እጇን ዘርግታ የራሔልን ጉንጭ ያዘች።

«ሀናን! ከሳሽ እኮ። ምን እየበላሽ ነው?»

ራሔል ዓሊዪን አየችው። ዓሊዪ መሬት መሬት ያያል። ራሔል እናቷን ያጣችው ባለፈው ክረምት ነው፤ ይኼን እሱም ያውቃል።

«እበላለሁ እማ» አለች ራሔል። «ይግቡ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ።»

ሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ጎረቤቲቱ ከጅግጅጋ ብትመለስም ዓሊዪ ሀቢባን ማምጣቱን አልተወም፤ ምክንያቱም እዚህ ሌላ ሰው ሆና አገኛት። ቤት ስትሆን ታጉረመርማለች፣ ዕቃ ትደብቃለች፣ ማታ ሲመሽ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ብላ ታለቅሳለች። እዚህ ችግኝ ጣቢያው አጠገብ ተቀምጣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈር ስትሞላ እጇ አይሳሳትም። ሞልታ፣ በመዳፏ ጠቅጠቅ አድርጋ፣ እንደ ድሮ ሸቀጧ በረድፍ ትደረድረዋለች። ራሔል ስታልፍ «ሀናን፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ትላታለች። ራሔልም እሺ ብላ ከፀሐዩ ፈቀቅ ትላለች።

ያ ነገር የሆነው ኅዳር ላይ፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዶች በማግስቱ ስብስቡን ሊጎበኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ራሔል ለዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ገብታለች። ከሰዓት በኋላ ላይ የችግኝ ጣቢያው የውሃ መስመር ፈንድቶ ውሃው እንደ ምንጭ ሽቅብ ተወረወረ። ዓሊዪ ችግኙ በጎርፍ እንዳይወሰድ ዶማውን ይዞ ሮጠ። «አንቺ እዚሁ ቆዪ፣ አሁን መጣሁ» አላት ሀቢባን።

መስመሩን አስሮ፣ ውሃውን መልሶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመለስ ሀቢባ የለችም። ወደ ላይ ወጣ፣ ወይራው ሥር የለችም። «ሀቢባ! ሀቢባ!» እያለ ሲወርድ ዓይኑ አንድ ነገር ያዘ፤ ጤና አዳሙ ሥር ታፔላ የለም። ረይሃኑም ሥር የለም። ሂናውም፣ አርቲውም። እየሮጠ ወደ ፍራፍሬው ወረደ፤ እዚያም ዛፎቹ እንደ ተፈጠሩ ባዶ ናቸው። ብረቱ የተነቀለበት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ መሬቱ ላይ አለ።

ሀቢባን ያገኛት ሲሮጥ ሳያያት ባለፋት ቡና መካከል ቁጭ ብላ ነው። ሻርፗን መሬት ላይ ዘርግታ፣ የማዕከሉን ታፔላ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ክምር አድርጋ፣ አንዱን ከሌላው እየለየች ታስተካክላለች። ትንንሹን ለብቻ፣ ትልልቁን ለብቻ። ፊቷ ላብ ብሏል፣ ጣቶቿ አፈር ለብሰዋል። ዓሊዪን ስታይ በደስታ እጇን አወዛወዘች።

«ና፣ ና አግዘኝ! ደርሶ እኮ ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ። ዛሬ ባይለቀም ወፍ ነበር የሚበላው!»

ዓሊዪ ቆመ። መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነው። ሊይዘው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሆዱን ይዞ ቁጭ እስኪል ሳቀ፤ ሀቢባም እሱን አይታ ዓይኖቿ እስኪከደኑ ሳቀች። እንዲህ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነው? ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበትና በጭቃማ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ራሔል የደረሰችባቸው እንዲህ ሆነው ነው። ክምሩን አየች። ዙሪያውን አየች።

«ምንድን ነው ይኼ? ጋሽ ዓሊዪ... ነገ እንግዶች...» ዞር ብላ ጥቂት ተራመደችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዓሊዪ አየ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት ተነስቶ። «ጥያት ሄድኩ። የፈለግሽውን በይኝ። እሷ ግን አታውቅም።»

ራሔል ሳትመልስ ሀቢባ በዝግታ ተነሳች። ከክምሩ አንዲት ታፔላ መርጣ፣ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ራሔል ሄዳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«እንኪ ልጄ፣ አታልቅሺ። ለቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። ጥሩ ፍሬ ነው፤ ለአንቺ አልሸጥም።»

ራሔል እጇ ላይ ያለውን አየች። ኮክ ይላል። ሀቢባን አቀፈቻትና በትከሻዋ ላይ ሆና ለዓሊዪ፣ «ዶማዎትን ያምጡ» አለችው። «ሳይጨልም እንተክላቸዋለን።»

ሦስቱም ተያያዙት። አብዛኛው ቀላል ነበር፤ ቁልቋልን ከሎሚ የማይለይ የለም። ሀቢባ ታፔላውን ታቀብላለች፣ ዓሊዪ ብረቱን ይተክላል፣ ራሔል ቀና መቆሙን ታያለች። አንዳንዴ ሀቢባ የተተከለውን ከኋላቸው መልሳ ስትነቅል ይይዟታል። የቸገራቸው ቡናው ነው። ከተለያየ ገጠር የመጣ ቡና ጎን ለጎን ቆሞ ቅጠሉ አንድ፣ ቁመቱ አንድ።

«እርስዎ ነዎት የተከሉት። አያስታውሱም?» አለችው ራሔል።

«የመጀመሪያውን ረድፍ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወላሂ አላውቅም።»

«እኔም የትኛው የት እንደተተከለ የሚያሳየውን ካርታ ነገ ዛሬ ስል አልሠራሁትም። አይ ስንፍናዬ!» አለች ለራሷ። ከዚያ ገምተው ከመትከል ይሻላል ብለው የማያውቋቸውን ቡናዎች ያለ ስም ተዉአቸው። በማግስቱ ራሔል ለእንግዶቹ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እንግዶቹም በመልካም ተቀበሉት፤ ፍሬውን ወስደን የትኛው የየት ገጠር እንደሆነ እናጣራላችኋለን ብለው ሄዱ።

ወሬው ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ደረሰ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ዓሊዪን አስጠርቶ ወንበር ሰጠው፣ ስለ ሀቢባ ጤና ጠየቀው፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሽ ዓሊዪ፣ እናት አለኝ፣ ይገባኛል። ግን ደንብ ነው። እሳቸው ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ጉድጓድ አለ፣ መሣሪያ አለ። ይዘዋቸው መምጣት አይችሉም።»

«ልክ ነህ» አለ ዓሊዪ። ክርክር አላነሳም። ቤት ሄዶ አንድ ቀን ሲያስብ ዋለ፤ በማግስቱ የመከርከሚያ መቀሱን፣ ዶማውንና የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ መጣና ራሔል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ተዉ እንጂ ጋሽ ዓሊዪ!» ራሔል ብድግ አለች። «ጎረቤትዎ ተመልሰው የለም እንዴ? እንደ በፊቱ እሳቸው ይጠብቁልዎት።»

«እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ እያለቀሰች እኔ እዚህ ችግኝ ባጠጣ ምን ይረባኛል? ዛፉ ያለ እኔም ያድጋል። አድጓልም» አላት። «እሷ ግን ከእንግዲህ ስንት ጊዜ አላት?»

ራሔል እስከ ውጭው በር ሸኘችው። በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ አይገባም ነው የተባለው» አለችው። «እርስዎ ከአሁን ወዲያ ሠራተኛ አይደሉም። ይኼ ደግሞ የሕዝብ ቦታ ነው። ጎብኚ አንከለክልም።»

ዓሊዪ ገርሞት አያት። እዚህ ግቢ ጎብኚ ሆኖ መግባት ይቻላል የሚል ነገር በአእምሮው መጥቶ አያውቅም።

በዚያው ቅዳሜ ሀናን ከድሬዳዋ በሚኒባስ ደረሰች። አባቷ ሥራ መልቀቁን ከጎረቤት ሰምታለች። የእናቷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች አባቷን ሳታየው ተናገረች።

«አባ፣ በቃ። ሥራህንም አጣህ። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። አንተም ከፈለግህ ና።»

«እሺ» አለ ዓሊዪ።

ሀናን ልትከራከር ተዘጋጅታ ነበርና እሺታው ክፉኛ አስደነገጣት። ቀና ብላ አየችው። እውነትም ደክሞታል፤ ጺሙ አድጓል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል።

«ነገ ትሄዳላችሁ» አላት። «ዛሬ ግን አንድ ቦታ እንሂድ።»

ሦስቱም በባጃጅ ወረዱ። በሩን እንደ ማንም ሰው አልፈው ገቡ። ሀቢባ እንደገባች ባጃጁ ላይ የጀመረችውን ማጉረምረም ተወች። የሀናንን እጅ ለቅቃ ዳገቱን ብቻዋን፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ወይራው ሥር ደርሳ ከረይሃኑ ቅጠል ቀነጠሰች፣ በመዳፏ መሐል አሸት አሸት አደረገችና ወደ ሀናን አፍንጫ አስጠጋችው።

«አሽትቺ» አለቻት። «አቤት፣ አሽትቺ እስቲ!»

ሀናን ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ተቆጥታ ወይም ተመትታ ስትመጣ እናቷ እንደዚሁ ታደርግላት ነበር። ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። ሀቢባ ማንን እያስሸተተች እንደሆነ አታውቅም፤ ልጅቷ ግን ኀዘን ላይ እንደሆነች አውቃለች፣ ለኀዘን ምን እንደሚደረግም አልጠፋትም። ከዚያ ተራ በተራ ጤና አዳሙን፣ አርቲውን፣ የሎሚውን ቅጠል አስሸተተቻት። ሀናን ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዓሊዪ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አልቻለም፣ አንድ አረም ጎንበስ ብሎ ነቀለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሀናን መጥታ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«አባ፣ ልብ ብለሃል? ዛሬ በር አልፈለገችም።»

«እዚህ አትፈልግም።»

«እኔ ጋ ሁልጊዜ ነው የምትፈልገው።» ከቀሚሷ ላይ ሣር አራገፈች። «እኔ ልመላለስ። በየሳምንቱ በዕረፍት ቀኔ እመጣለሁ። አንተም አንድ ቀን ትተኛለህ፣ ጺምህንም ትላጫለህ።»

ዓሊዪ እጇን ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሻንጣው ማታውኑ ተፈታ።

ከዚያ ወዲያ ዓሊዪ ጎብኚ ሆነ። ሥራውን ይሠራበት የነበረውን ቦታ ተቀምጦ ማየት መጀመሪያ አስቸገረው። ራሱ ሲሚንቶ ያቦካለት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድም ቀን አረፍ ብሎ አያውቅም ነበር። እጁ ይበላዋል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ሲያይ መቀስ ይመኛል። ቆይቶ ግን ተቀምጦ ብቻ የሚታይ ነገር እንዳለ አወቀ። ጠዋት ላይ ብርሃኑ ከግንቡ በኩል መጥቶ መጀመሪያ ወይራውን፣ ከዚያ ቡናውን፣ ከዚያ ቁልቋሉን እየነካ ሲወርድ፤ እኩለ ቀን ላይ ጦጣዎች በአጥር ዘለው ዘይቱን ሲሰርቁ፣ እሱም ያለ ወትሮው ዝም ሲላቸው። ራሔል ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ ትመጣና ሀቢባን «እማ፣ ዛሬ ምን አለ?» ትላታለች። ሀቢባም የሌለ ገበያ ወሬ ታወራላታለች፤ ማን እንደመጣ፣ ማን በጣም እንደተከራከራት፣ ሰው ሁሉ ምን ያህል ችኩል እንደሆነ።

ቀኖቹ ሁሉ እንዲህ አልነበሩም። ዓሊዪን የምትመታበት ቀን አለ። ልብሷን የምታበላሽበት፣ ምግብ የምትተፋበት፣ እሱም ትዕግሥቱ አልቆ ጮኾባት በኋላ ግድግዳ ተደግፎ አስተግፊሩላህ እያለ ምሕረት የሚለምንበት ቀን አለ። ከዚያ ደግሞ ይነጋል፤ ፊቷን ያጥባታል፣ ሻሿን ያስርላታል። ሻሽ ማሰሩ አሁን አሁን እያማረለት መጥቷል።

ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ማዕከሉ በሰርገኛ ተሞላ። ሐረር ውስጥ የሚዳር ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ወይራው ሥር ያለውን አግዳሚ ፈልጎ መጣና ዓሊዪንና ሀቢባን አየ።

«አባባ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተነስተው ቢለቁልን።»

ዓሊዪ ሊነሳ ሲል ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ደረሰች። ቤዛ ትባላለች፤ እዚያው ሐረር ተወልዳ ያደገች የወታደር ልጅ ናት።

«ተዋቸው እንጂ ሚኪያስ» አለችው ፎቶ አንሺውን። ወደ ሀቢባ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ይመርቁን» አለቻት።

ሀቢባ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አትጨርስም። «አሟታል፣ ልጄ...» ዓሊዪ ሊል ሲጀምር ሀቢባ ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች። የሙሽራውን ነጭ ልብስ፣ የሙሽሪትን አበባ ተራ በተራ አየች።

«አላህ ትዳራችሁን ያሳምርላችሁ» አለች፤ ድምፁ የድሮው፣ የኤረር በሩ ድምፅ ነው። «የምትገቡበት ቤት ሰላም ይሁን። ጎናችሁ ልጅ፣ ጓዳችሁ እህል አይጣ። ክፉ ዓይን አይያችሁ። ስትቆጡም አንድ መሶብ ላይ ቅረቡ። ተያይዛችሁ አርጁ።»

«አሜን!» አሉ ሚዜዎቹ። «አሚን» አለ ዓሊዪ፣ ከሁሉም ዘግይቶ። ቤዛ የሀቢባን ጉልበት ስማ ተነሳች፤ ፎቶ አንሺውም ሳይጠየቅ ሽማግሌዎቹን አንድ ጊዜ አነሳቸው። ከዚያ ሆታው እየራቀ፣ ወደ ፍራፍሬው ክፍል ወረደ።

ሀቢባ ሰርገኞቹ እስኪጠፉ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደ ዓሊዪ ዞረች።

«አንተስ ወንድም፣ ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ደግ ናት?»

«በጣም ደግ ናት» አላት ዓሊዪ። «ትንሽ ቁጡ ናት እንጂ።»

ሀቢባ ራሷን ነቀነቀች፤ ቁጡ መሆን ነውር እንዳልሆነ ሁሉ። ፀሐዩን ቀና ብላ አየችና በእጇ ጀርባ ትከሻውን ገፋ አደረገችው።

«እና ምን ትሠራለህ እዚህ? እየመሸ ነው። ተነስና ግባ፣ አታስጠብቃት።»

«እሺ» አለ ዓሊዪ። ተነስቶ እጁን ዘረጋላት። «አንቺም ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»